ከቀለም ሥር ያለ ታሪክ፦ ስካሜል ፓዮኒየር ጎታች መኪና

የጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ታንክና ስለ መድፍ ብዙ ጽፈዋል። ታንኩ ሲሰበር ከጭቃ ወይም ከአሸዋ ጎትቶ ወደ ወርክሾፕ ስላመጣው መኪና ግን የጻፉት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሙያው ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ተበላሽቶ የቆመ ተሽከርካሪ ሁሉ የጠፋ ተሽከርካሪ አይደለም፤ የሚያነሣውና የሚጠግነው ካገኘ ዳግመኛ ለሥራ ይበቃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአንድ ጎታች መኪና ዓይነት እንዴት እንደ ተወለደና ምን እንደ ሠራ፣ ቀጥሎም ታሪኩ ከአሮጌው ብረት ላይ እንዴት እንደሚነበብ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናው በእንግሊዝ አገር፣ በዋትፎርድ ከተማ የነበረው የስካሜል ፋብሪካ የሠራው ፓዮኒየር ነው። በ1927 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የታሰበው ለጦር ሳይሆን መንገድ በሌለበት አገር ለሚካሄደው የነዳጅ ፍለጋና የግንድ ማጓጓዝ ሥራ ነበር። መሐንዲሱ ኦሊቨር ኖርዝ የፊተኛው አክስል በመሐሉ ላይ እየተወዛወዘ ከመሬቱ ጋር እንዲስማማ አደረገ። በስተኋላም አንድ አክስል ብቻ ተክሎ፣ በግራና በቀኙ ጫፍ እንደ ሚዛን ዘንግ ከፍና ዝቅ የሚሉ ጥርሳማ ማርሾች የያዙ ሳጥኖች ገጠመ፤ ጎማዎቹም በሳጥኖቹ ዳርና ዳር ተያያዙ። በመሆኑም አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ቢገባ እንኳ ሁሉም መሬቱን እንደ ያዙ ይጎትታሉ።

የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ይህን ጠባይ አይቶ መድፍ ጎታች፣ ታንክ ጫኝና ብልሽት አንሺ አድርጎ አሠራው። ብልሽት አንሺው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 8.4 ሊትር የሆነ የጋርድነር ናፍጣ ሞተር ነበረው። ኃይሉ 102 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ነው። ነገር ግን ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮው ያን ጥቂት ኃይል ወደ ትልቅ መጎተቻነት ይለውጠዋል። 8 ቶን የሚስብ ዊንችና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ክሬን የተገጠመለት ሲሆን፣ ከባድ ሸክም ሲያነሣ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት እንዳይለቁ በግንባሩ ላይ የብረት ክብደት ይጫንበታል።

የዚህ ዓይነቱ መኪና ዋጋ በጦርነቱ ጊዜ በግልጽ ታየ። በ1940 የእንግሊዝ ጦር ከፈረንሳይ በባሕር ሲሸሽ ከ60,000 በላይ ተሽከርካሪዎች ትቶ ሄደ። ጥገናና ማንሣትን የሚመራ አንድ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክና የሜካኒክ መሐንዲሶች ክፍል የተቋቋመው ጥቅምት 1 ቀን 1942 ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን፣ በግብፅ በረሃ የኤል አላሜይን ውጊያ ተጀመረ። የተመታ ታንክ ከጦር ሜዳ ተነሥቶ ከተጠገነ አዲስ ታንክ በመርከብ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ጎታቹ በዚህ ረገድ እንደ ፋብሪካ ይቆጠር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ፓዮኒየሮች ለሽያጭ ወጡ። የገዟቸው ባለጋራዦች፣ እንጨት ነጋዴዎችና ተዘዋዋሪ የመዝናኛ ትርኢት አቅራቢዎች ነበሩ። አዲሶቹ ባለቤቶች እንደየሥራቸው ጋቢናውን ለወጡ፣ ክሬኑን ቆርጠው ሌላ ተከሉ፤ በሰላሙም ጊዜ የተገለበጠ የጭነት መኪና ከገደል ሲያወጡባቸው ብዙ ዓመታት ኖሩ። ፋብሪካው በ1988 ቢዘጋም የተረፉት መኪናዎች ዛሬ በወዳጆቻቸው እጅ እየታደሱ ይገኛሉ።

የአንዱን መኪና ታሪክ ለመከታተል የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ መዝገቡ መኪናው ራሱ ነው። የሻንሲው ቁጥር መነሻ ይሆናል። የሞተሩ ቁጥር ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ወርክሾፖች ጊዜ ለመቆጠብ ሞተር ከመኪና ወደ መኪና ያዛውሩ ነበርና። በጦርነቱ ዘመን ጎታቾች በኮፈናቸው ላይ በኤች ፊደል የሚጀምር ቁጥር ይጻፍባቸው ነበር፤ በ1949 ደግሞ የጦሩ የቁጥር ሥርዓት ስለ ተለወጠ በአገልግሎት የቀረው መኪና ሁለተኛ ስም አገኘ። እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከላይኛው ቀለም ሥር ነው። ቀለሙም ራሱ ይናገራል፦ ቡናማው አረንጓዴ ቀለም ያጠረበትን የ1942 አካባቢ፣ ደብዛዛው የወይራ መልክ ከ1944 ወዲህ ያለውን ጊዜ ያመለክታል፤ የአሸዋ መልክ ከተገኘ በረሃ የማየቱን ዕድል ያስባል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ማደስ ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው ብረቱን እስኪያበራ በአሸዋ ያስፍቃል፣ በጋራዥ የተጨመረውን ሁሉ ይነቅላል፣ ከዚያም መኪናውን በ1943 ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጎ ይቀባዋል። ሥራው ለዓይን ያምራል። ዳሩ ግን የቀለሙ ንብርብር ከተፋቀ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል፤ የጠፋ ቁጥርም እንደ ተሰበረ ብሎን በሌላ አይተካም። ከዚህም በላይ፣ ለጦሩ ጥቂት ዓመት፣ ለሕዝቡ ግን ብዙ ዓመት ያገለገለው መኪና የኋለኛው ዕድሜው እንዳልኖረ ይቆጠራል። ያልታወቀ መካኒክ በእጁ ያበጀው ማጠንከሪያ ብረት እንደ ፋብሪካው ሥራ ሁሉ ታሪክ ነው።

የሌላው ወገን ክርክርም መናቅ የለበትም። ዝገት የበላውን ሻንሲ ለታሪክ ሲባል ባለበት መተው መኪናውን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው፤ የማይሠራ ዊንችም ስለ ዊንች ሥራ አያስተምርም። ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ መያዝ ይገባል። ከመፋቅ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቀለሙ በስስ ወረቀት ንብርብሩ እስኪለይ ቀስ ተብሎ ይፈተሽ፤ አንድ ጥግ ሳይነካ ይቀመጥ፤ የተለወጠው ዕቃ ሁሉ በደብተር ይመዝገብ።

የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን ምክር ለሩቅ አገር መኪና ብቻ የተሰጠ አድርገው እንዳይመለከቱት እናሳስባለን። በየጋራዡ ጥግ የቆመ አሮጌ ተሽከርካሪ ሁሉ ያገለገለባቸውንና ያገለገሉትን ሰዎች ታሪክ ይዟል። መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ብናነበው የማይመለስ ነገር እናተርፋለን።