ቤት ሆነው ለሚሠሩ፦ ወገብ የማይጎዳ ወንበር እንዴት ይመረጣል?

ሄርዝል ተራራን አብዛኞቻችን የምናውቀው በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሱዳን መንገድ ላይ ለቀሩት ወገኖቻችን በሚደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ነው። በዚያው ተራራ ላይ በሚገኘው የሄርዝል ሙዚየም ውስጥ ቴዎዶር ሄርዝል በቪየና ይሠራበት የነበረው የጽሕፈት ክፍል ከነዕቃው ይታያል። ወደ ከተማው መሐል ሲወረድ ደግሞ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ባለበት በሐበሻ መንገድ፣ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ትልቁን የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት በመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ያዘጋጅ ነበር። ይህን ያነሣነው ቤት ተቀምጦ መሥራት ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

እኛም ብንሆን በጎንደር አባቶቻችን ሽመናውንና ቀጥቃጭነቱን፣ እናቶቻችን ሸክላውን የሚሠሩት በየቤታቸው ነበር። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ አውርዶ መርገጫውን ይረግጣል። ሸክላ ሠሪዋ አጎንብሳ ጭቃውን ታበጃለች። ያ አቀማመጥ ለወገብ ጥሩ ነበር ብሎ የሚከራከር የለም። ነገር ግን የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ አፈር ለማምጣት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ውኃ ለመቅዳት ትነሣለች፣ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ዛሬ ከቤቷ ሆና በስልክ የምታስተረጉም ወይም የደንበኞች አገልግሎት የምትሰጥ ልጃችን ግን የጆሮ ማዳመጫውን አንድ ጊዜ ካጠለቀች ጥሪው እስኪያልቅ አትንቀሳቀስም። አንዱ ጥሪ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።

በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) በኮሮና ምክንያት መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ቤተሰብ ሥራውንም ትምህርቱንም በወጥ ቤት ወንበር ላይ ጀመረ። በጥቅምት 2023 እና በሰኔ 2025 በጦርነቱ ምክንያት እንደገና እንደዚሁ ሆነ። መዘጋቱ ካለፈ በኋላም በሳምንት ጥቂት ቀን ከቤት የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። የወጥ ቤቱ ወንበር ግን ለምግብ እንጂ ለስምንት ሰዓት ሥራ አልተሠራም።

"ኤርጎኖሚ" የሚለው ጽሑፍ ዋስትና አይደለም

ቃሉ "ሥራ" እና "ሕግ" ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ሲሆን በ1857 የተጠቀመበት ቮይቼክ ያስትሼምቦቭስኪ የተባለ የፖላንድ ምሁር ነው። ዛሬ በአጭሩ ሥራውን ለሰውየው ማስማማት ማለት ነው። በሱቅ ግን ቃሉ እንደ ጨው በሁሉም ላይ ይነሰነሳል። ወንበሩ ላይ "ኪሴ ኤርጎኖሚ" ወይም "ኪሴ ኦርቶፔዲ" ተብሎ መለጠፉ ብቻውን የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ወንበሩ ምን ምኑ እንደሚስተካከል ነው። ከፍታው ይጨምራል፣ ይቀንሳል? የጀርባ መደገፊያው ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል? የክንድ ማሳረፊያው ይወርዳል? መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል? በእኛ ቤት በአንድ ወንበር ላይ አባት፣ እናትና ተማሪ ልጅ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ ውድ ሆኖ የማይስተካከል ወንበር ከመግዛት ርካሽ ሆኖ የሚስተካከል መግዛት ይሻላል። በአውሮፓ 1335 በሚል ቁጥር የሚታወቅ የቢሮ ወንበር መመዘኛ አለ። ይህ ቁጥር በወንበሩ ወረቀት ላይ ካለ፣ እስከ 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢቀመጥበት እንዲችል ታስቦ የተፈተነ ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚመዝን ሰው ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ወጣቶቻችን የውድድር መኪና መቀመጫ የሚመስለውን የጌም ወንበር ይወዳሉ። መልኩ ያምራል። በብዙዎቹ ላይ ግን ጎንና ጎኑ ትከሻን ወደ ፊት ይገፋል፣ የወገቡ ትራስም በገመድ የታሰረ ስለሆነ ቦታውን ይለቃል። ለሥራ ብዬ አልመክረውም።

መጀመሪያ ጠረጴዛውን ለኩ

ብዙ ሰው ወንበር ሊገዛ ሲሄድ ጠረጴዛውን ይረሳል። የቤት ጠረጴዛ ከፍና ዝቅ አይልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ወንበሩ ነው። ስንጽፍ ክንዳችን ከጠረጴዛው ጋር እኩል ሆኖ፣ ትከሻችን ሳይነሣ፣ ክርናችን ቀጥ ባለ ማዕዘን አካባቢ መታጠፍ አለበት።

አሁን አጠር ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። 1 ሜትር ከ55 የሆነች እናት ከመቀመጫው እስከ ክርኗ 22 ሳንቲ ሜትር፣ ከእግሯ መርገጫ እስከ ጉልበቷ ሥር ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኖራታል እንበል። ጠረጴዛው 74 ከሆነ ወንበሩ 52 ላይ መቆም አለበት። ያን ጊዜ ግን እግሯ ከወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለ እግር ጭኑን ከታች ይጫነዋል፣ ይደነዝዛል። ሴትዮዋም እግሯን ወለል ለማስነካት ወደ ፊት እየተንሸራተተች መደገፊያውን ትተወዋለች። ጥሩ ወንበር ገዝተው "ወገቤን ቆረጠኝ" የሚሉ እናቶች ዘንድ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ወንበር መቀየር ሳይሆን እግር ማሳረፊያ ማድረግ ነው። ከእንጨት የተሠራ ሣጥን ወይም በማጣበቂያ የታሰረ የወፍራም መጻሕፍት ክምር ይበቃል። ከአገር ቤት የመጣው በርጩማ ለዚህ ቁመቱ ይበዛል፤ ጉልበትን ከልክ በላይ ያነሣል።

ረጅም ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወንበሩን ለእግሩ ሲያስተካክል ጠረጴዛው ያንስበታል። ለእርሱ ከጠረጴዛው እግሮች ሥር ጠንካራ እንጨት ማስገባት ይቀላል።

ሱቅ ውስጥ

እዚህ ላይ የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው ካልገዛሁ ለምን እቀመጥበታለሁ ብሎ ወንበሩን በእጁ ዳሰስ አድርጎ ይከፍላል። ውድ አንባብያን፣ ወንበር በእጅ አይፈተንም። ቢያንስ 10 ደቂቃ ተቀመጡበት። ቤት ውስጥ የምታደርጉትን ጫማ ወይም ነጠላ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ልኩን ያሳስታል።

ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ተቀምጣችሁ በመቀመጫው ጠርዝና በጉልበታችሁ ጀርባ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ማስገባት መቻል አለባችሁ። ጣት የማያስገባ ከሆነ መቀመጫው ጥልቅ ነውና ለእናንተ አይሆንም። የጀርባው እብጠት ከቀበቶ ከፍ ብሎ ወገብ ከሚጎብጥበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። የክንድ ማሳረፊያው ትከሻ የሚያነሣ ከሆነ ወይም ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጨ ወደ ሥራው የማያስጠጋ ከሆነ፣ ባይኖር ይሻላል። ብዙውን ጊዜ በመፍቻ ይነቀላል። የሥሩ እግሮች አምስት መሆናቸውን ቁጠሩ፤ አራት እግር ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ይገለበጣል።

ስለ ጎማው የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። የእስራኤል ቤት ወለሉ ባላጣ ነው። ለባላጣ የሚሆነው ለስላሳ ጎማ ነው፤ ጠንካራው ለምንጣፍ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ታች ያሉትን ጎረቤቶችም ይረብሻል።

ቤቱ ጠባብ ሲሆን

ከሄርዝል ተራራ ብዙም በማይርቁት በቂርያት ዮቬልና በቂርያት መናሔም ያሉት የቆዩ ሺኩኖች ክፍላቸው ትንሽ ነው። ትልቅ መደገፊያ ያለው ወንበር ሳሎኑን ይዘጋዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በወለሉ ላይ 70 በ70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ በማጣበቂያ ፕላስተር ምልክት አድርጋችሁ አንድ ቀን እየዞራችሁበት እዩት። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ብዙ ሰው የሥራ ቦታውን በማማድ ውስጥ ያደርጋል፤ ጸጥታ አለውና ጥሩ ነው። ነገር ግን ወንበሩ በሩን ወይም የብረት መስኮቱን እንዳይዘጋ፣ ሲረን ሲሰማ ቤተሰቡ በሙሉ የሚቆምበት ቦታ እንዲኖር አስቡ።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

በእርግጥ ጥፋቱ የወንበሩ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው የ5 ሺህ ሸቀል ወንበር ላይ ቢቀመጥም አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጎ የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከዓይን ጋር ማስተካከል፣ ከዚያም የተለየ ኪቦርድና ማውስ መሰካት ከወንበሩ በብዙ ያነሰ ዋጋ ነው። ፎጣ ጠቅልሎ ከወገብ ጀርባ ማድረግም ለአንድ ሳምንት ይሞከር። ከሁሉ በላይ ግን በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት ነው። በስልክ የሚሠራ ሰው ቆሞ ማውራት ይችላል። ቡናውን ራስ ተነሥቶ ማፍላትም ይቆጠራል።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ አሠሪያችሁን ወንበር እንዲሰጥ በጽሑፍ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ከቢሮው ያወጣውን ወንበር ይሰጣል። በግል የሚሠሩ ዓጽማኢም ሐሽቦኒት ማሱን ይዘው ለሒሳብ ባለሙያቸው ያሳዩ፤ ለሥራ የዋለው ድርሻ በወጪነት ሊያዝ ይችላል።

ሕመሙ ከሥራ ውጭም የማይለቅ ከሆነ ወንበር መድኃኒት አይሆንም። ወደ ቁፓት ሖሊም ሄዳችሁ የቤተሰብ ሐኪሙን ስለ ፊዚዮቴራፒና ስለ ሪፑይ ብዒሱክ ጠይቁ። ለሐኪሙ "ወገቤን" ከማለት ይልቅ ሕመሙ የት እንደሚጀምር፣ ወደ እግር ይወርድ እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ ንገሩት። እግር ከደነዘዘና ከደከመ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያኑ ዕለት ወደ ሚዩን መሄድ ያስፈልጋል።

ከቀዶ ሕክምና ወይም ከስብራት በኋላ ልዩ መቀመጫ ለሚያስፈልጋቸው ሽማግሌዎችና እናቶች፣ በ1976 የተመሠረተው ያድ ሳራ ቤቱ በሄርዝል ጎዳና ላይ፣ ከተራራው አጠገብ ነው። ተሽከርካሪ ወንበርና ሌላም የሕክምና ዕቃ በማስያዣ ገንዘብ ያውሳል። የቢሮ ወንበር የሚጠየቅበት ቦታ ግን አይደለም።

ያገለገለ ወንበር

በያድ ሽታይም ወይም ከሚዘጉ ቢሮዎች የሚገኝ ያገለገለ ጥሩ ወንበር ከአዲስ ርካሽ ወንበር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ግን ሄዳችሁ እዩት። ከፍ አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ ተቀመጡበት፤ በራሱ ጊዜ ዝቅ እያለ ከሄደ የጋዝ ቱቦው አልቋል። ስፖንጁን በጡጫ ተጫኑት፤ ከሥር ያለው እንጨት ከተሰማችሁ ተዉት። ከግለሰብ የተገዛ ዕቃ እንደ ሱቅ ዕቃ አይመለስም።

ገዝታችሁ ከተጸጸታችሁ

በስልክ ደውለው "የሕክምና ወንበር" ወይም የማሳጅ ወንበር በብዙ ታሽሉሚም ለሽማግሌዎቻችን የሚሸጡ አሉ። ወላጆቻችን ለደዋዩ "እሺ" የሚሉት አክብሮት ስለሆነ ነው፤ ሻጩ ግን እንደ ውል ይወስደዋል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን "አትደውሉልኝ" የሚል መዝገብ ከፍቷል፤ የወላጆቻችሁን ቁጥር አስመዝግቡ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ወይም የውሉ ዝርዝር ወረቀት ከደረሰበት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ቀን ነው። ዕቃው ጉድለት ከሌለበት ሻጩ ሊቀንስ የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ለአካል ጉዳተኞች እና አዲስ ኦሊም ሆነው 5 ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች ጊዜው እስከ 4 ወር ይረዝማል፤ ይህ የሚሆነው በሽያጩ ጊዜ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ ነው፤ በኢንተርኔት የተደረገ ጽሑፍም እንደ ንግግር ይቆጠራል። በአካል ሄዳችሁ ከሱቅ የገዛችሁት ግን ደንቡ ጠበቅ ይላል፤ የተጠቀሙበት ወይም በልካችሁ ታዝዞ የተሠራ ወንበር አይመለስም፤ ስለዚህ የመመለሻውን ሁኔታ ከመክፈል በፊት ጠይቃችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለመሰረዝ ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የተገዛበት ቀንና "ቢቱል ዒስካ" የሚለው ቃል ያለበት አጭር መልእክት በኢሜይል ወይም በአደራ ደብዳቤ ይበቃል። የላካችሁበትን ቀን የሚያሳይ ፎቶ አስቀምጡ፤ ሻጩ ገንዘቡን መልእክቱ በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።