በኮቦና በቆቦ መካከል

በሸካ ምድር «ኮቦ» የሚባል ሥርዓት አለ። አንድ ሰው ቀድሞ ቀፎውን የሰቀለበትን የደን ይዞታ ለልጁ ያወርሳል። በወሎ ደግሞ ከወልዲያ በስተ ሰሜን ቆቦ የምትባል የማሽላ አገር አለች። ሁለቱን ስሞች የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አባቴ ያን መንገድ በ1977 ዓ.ም ወደ ማሻ መጣበት፤ በ1999 ዓ.ም ደግሞ እኔን አስከትሎ ተመለሰበት።

የመጀመሪያው ጉዞ የአገር ታሪክ ነው። ድርቁ ወሎንና ትግራይን ባራቆተ ጊዜ ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። በፈቃዱ የሄደ ነበረ፤ ከገበያ ታፍሶ የተጫነም ነበረ። በመተከልና በጋምቤላ ሰፋፊ የሰፈራ ጣቢያዎች ሲቋቋሙ፣ በኢሉባቦርና በከፋ ግን ብዙው ሰፋሪ በነባሩ ገበሬ መካከል ገባ። ለዚህም «ስግሰጋ» የሚል ስም ወጣለት። ሰው እንደ ጆንያ እህል ክፍተት ተፈልጎለት የሚጠቀጠቅ ይመስል! ቃሉ እስከ ዛሬ ይጎረብጠኛል። ማሻ ያን ጊዜ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር የሞቻ አውራጃ ከተማ ነበረች። አባቴን ተቀብሎ ጎጆ የቀለሰለት፣ ቆጮ ያለማመደው አንድ የሸካቾ ገበሬ ነው። ስለ ሰፈራ ሲጻፍ የመጡት ይቆጠራሉ፤ ቦታ የለቀቁላቸው እምብዛም አይነሡም።

በሁለተኛው ጉዞ እኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጎሬን፣ መቱን፣ በደሌን፣ ጅማን አልፈን አዲስ አበባ እስክንገባ አባቴ የወትሮው ዝምተኛ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ግን አንደበቱ ተፈታ። ሸዋ ሮቢት ላይ የማያውቀውን ሰው ሁሉ «አብሽር» ይል ጀመር። ከሚሴ ስንደርስ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ይህን ሰው ማሻ ላይ አላውቀውም ነበር።

ቆቦ ላይ ማሳው በሽግሽግ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ዘመን ተቆጥሮ ነበር። አባቴ ድንበሩን በዓይኑ ለክቶ ምንም አልተናገረም። ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ አክስቴ ፊቴን በሁለት እጆቿ ያዘች፦

«ወንድሜን ያስቀረኸው አንተ ነህ?»

ነገሩን ከእርሷ ሰማሁ። በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ወደ ወሎ ሲመለስ፣ አባቴም ጓዙን ጠቅልሎ ኖሯል። እኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርሁ፤ በዚያን ሰሞን በወባ ታምሜ ስለ ነበር መንገዱን አይችልም ብሎ ቀረ። ይህን በ18 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አንሥቶልኝ አያውቅም። ዘወር ብዬ ባየው ስኒውን እያሽከረከረ ነበር።

ዘመድ አንድ ወር እንዲቀመጥ ለመነው፤ የሚያርሰው መሬት እንፈልግልህ ያሉትም ነበሩ። ያ የሸካቾ ጎረቤታችን ከኮቦው ላይ ሁለት ቀፎ እንዲሰቅል ፈቅዶለት ነበርና፣ በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ቀሰቀሰኝ፦

«ተነሥ፣ ማሩ ደርሷል።»