እርግጠኝነትና ይሆናልነት በኳንተም ልኬት

በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ገበሬውም በቆየ ልማዱ መደብና ቦይ አውጥቶ ማሳውን ያጠነፍፋል። ዝናቡ ይበዛ ወይም ያንስ እንደሆነ አያውቅምና ለትርፉ ውሃ መውጫውን አስቀድሞ ያበጃል። ይሁን እንጂ ይህ ጥርጥር ከዕውቀት ማነስ የመነጨ ነው፤ ደመናውና ነፋሱ በሚገባ ቢለካ ግምቱ ወደ እርግጠኝነት በቀረበ ነበር። የ19ኛው መቶ ዘመን ፊዚክስም ይሆናልነትን በዚሁ ዓይን ይመለከተው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1926 ማክስ ቦርን ይህን እምነት አናጋው። የሞገድ ፋንክሽን መጠን በራሱ ሲባዛ የውጤቱን ይሆናልነት እንደሚሰጥ የገለጸው በጽሑፉ ግርጌ በጨመረው አጭር ማስታወሻ ነበር። የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን ዘግይቶ በ1954 ነው።

ነገሩን በመማሪያ ክፍል ምሳሌ እንመልከተው። እንከን የሌለበትን ፖላራይዘር ያለፈ ፎቶን በዚያው አቅጣጫ የቆመ ሁለተኛ ፖላራይዘር ቢገጥመው በእርግጠኝነት ያልፋል። ሁለተኛው በ45 ዲግሪ ሲዘነብል ይሆናልነቱ ግማሽ፣ በ60 ዲግሪ ሩብ ይሆናል። እንግዲህ ያው ፎቶን ለአንዱ ጥያቄ የተቆረጠ መልስ፣ ለሌላው ግን ዕድልን ብቻ ይሰጣል።

ታዲያ መልሱን በሥውር ይዞት ይሆንን? በ1935 አይንስታይን ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ሆኖ ንድፈ ሐሳቡ የተሟላ አይደለም ሲል ተከራከረ፤ ኒልስ ቦርም ተቃወመው። ክርክሩን ወደ ልኬት ያወረደው በ1964 ጆን ቤል ነው። በ1969 ለቤተ ሙከራ በሚመች መልክ በተቀረጸው ስሌት መሠረት፣ መልሶቹ አስቀድመው የተወሰኑ ከሆኑና አንዱ ፎቶን ከሩቅ ሌላውን የማይነካ ከሆነ፣ የጥንዶቹ የዝምድና መጠን ከ2 አይበልጥም። በ1982 አሌን አስፔ ፈረንሳይ ውስጥ በኦርሴ 2.7 ያህል አገኘ። የ2022 የኖቤል ሽልማትም ለእርሱ፣ ለክላውዘርና ለዛይሊንገር ተሰጠ። ስለዚህ መልሱ አስቀድሞ ተወስኗል የሚል ሁሉ የሩቅ ተጽዕኖን ለመቀበል ይገደዳል።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍሥሐ ካሣሁን በኳንተም ኦፕቲክስ አስተምረዋል፤ የመማሪያ መጽሐፍም አሳትመዋል። ከእኛ ከመምህራን የሚጠበቀው ሁለቱን ጥርጥሮች ለይቶ ማሳየት ነው። የዝናቡ ጥርጥር በተሻለ ልኬት ይቀንሳል፤ የፎቶኑን ጥርጥር ግን የመሣሪያው ጥራት ብቻውን አያስወግደውም።