ከፈጣሪ ጋር ሙግት፤ እምነትና ጥርጣሬ በአይሁድ ሕይወት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ የምድሩ ንጉሥ የማይከሰስ ከሆነ የሰማዩን ንጉሥ መክሰስማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም፡፡ በአይሁድ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ ፈጣሪን መጠየቅ፣ መሞገት፣ አልፎ ተርፎም ለፍርድ ማቆም የሃይማኖቱ አንድ ገጽታ ሆኖ ኖሯል፡፡ ሕግ የተማርኩ ሰው በመሆኔ ሳይሆን አይቀርም ጉዳዩ ከድሮም ይስበኛል፡፡ ዛሬ ዋና ዋናውን ላቅርብና በመጨረሻ እኛንም ወደሚነካው ነጥብ ልለፍ፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ስሙ ራሱ ትግል ነው

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 እንደሚተርከው ያዕቆብ ማንነቱን ከማያውቀው ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አደረ፡፡ ሲነጋ እስራኤል ተባለ፤ ከአምላክ ጋር የታገለ እንደማለት ነው፡፡ በረከቱን ተቀብሎ ሲሄድ ግን እያነከሰ ነበር፡፡ እንግዲህ ሕዝቡ ስሙን ያገኘው ከትግል ነው ማለት ነው፡፡

ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 18 አብርሃም ስለ ሰዶም ከፈጣሪ ጋር በላ ልበልሃ ይገጥማል፡፡ 50 ጻድቃን ቢገኙ ከተማዋ ትተርፍ እንደሆነ ጠይቆ እያወረደ እያወረደ 10 ላይ ያደርሰዋል፡፡ ይህ ተራ ልመና አይደለም፡፡ የምድር ሁሉ ዳኛ የሆነ እሱ ራሱ ፍርድ ያጓድላልን? የሚል የሕግ ጥያቄ ነው፡፡ ኢዮብም ያለጥፋቱ መከራ ሲወርድበት ዝም አላለም፤ ከፈጣሪው ጋር ፊት ለፊት ለመከራከር ጠየቀ፡፡ በመጽሐፉ መጨረሻ የተገሠጹትም ለፈጣሪ ጠበቃ ሆነው የቆሙት ወዳጆቹ ናቸው፡፡

ሕጉ በሰማይ አይደለም

ታልሙድ የአይሁድ ሊቃውንት ለዘመናት ያካሄዱት የሕግ ክርክር የሰፈረበት ታላቅ መጽሐፍ ነው፡፡ «ባባ ሜጺያ» በተባለው ክፍሉ ውስጥ ስለ አንድ ምድጃ የተነሣ ክርክር ይገኛል፡፡ ተቆራርጦ፣ በቁርጥራጮቹ መካከል አሸዋ ገብቶበት የተሠራ የሸክላ ምድጃ ይረክሳል ወይስ አይረክስም? ረቢ ኤሊዔዘር አይረክስም አሉ፤ የቀሩት ሊቃውንት ይረክሳል አሉ፡፡ ረቢ ኤሊዔዘር ያላቸውን ማስረጃ ሁሉ አቅርበው ሰሚ ሲያጡ ወደ ተአምር ዞሩ፡፡ ዛፍ ይመስክርልኝ ቢሉ ዛፉ ከሥሩ ተነቅሎ ሄደ፡፡ ውኃው ወደኋላ ፈሰሰ፡፡ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ዘመመ፡፡ በመጨረሻም ከሰማይ ድምፅ መጥቶ እውነቱ ከእሳቸው ጋር መሆኑን መሰከረ፡፡ ይህን ጊዜ ረቢ ኢያሱ ብድግ ብለው ከዘዳግም ምዕራፍ 30 በመጥቀስ ሕጉ በሰማይ አይደለም አሉ፡፡ ሕግ አንዴ ለሰው ከተሰጠ በኋላ የሚተረጎመው በሸንጎ ድምፅ ብልጫ ነው ማለታቸው ነው፡፡ ታልሙድ እንደሚለው ፈጣሪም በልጆቹ መረታቱን አይቶ ሳቀ፡፡

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፡፡ ታልሙድ ግን አያቆምም፡፡ አሸናፊዎቹ ረቢ ኤሊዔዘርን አወገዟቸው፡፡ እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ከእንባቸውም የተነሣ የምድሪቱ ሰብል ተመታ፡፡ ታሪኩ የተቀመጠው ደግሞ ሰውን በቃል መበደልን በሚከለክለው ሕግ ሥር ነው፡፡ ከሌላ ወገን መጥተው አይሁድ የሆኑ ሰዎችን ልጅ «የአባቶችህን ሥራ አስታውስ» ማለት ክልክል መሆኑ የተደነገገውም እዚያው ነው፡፡ ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ፡፡

የተጠራጠረው ምን ይደረጋል?

ኤልሳዕ ቤን አቡያ በ2ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ታላቅ ሊቅ ናቸው፡፡ እምነታቸውን ካጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ተብሎ የሚተረከው ይህ ነው፡፡ አንድ ልጅ አባቱ አዞት የወፍ ጫጩት ሊያወርድ ወጣ፡፡ ኦሪት እንደሚያዘው እናቲቱን ወፍ አስቀድሞ ለቀቃት፡፡ አባትን ማክበርም ሆነ እናት ወፍን መልቀቅ የረጅም ዕድሜ ተስፋ የተሰጠባቸው ትእዛዞች ናቸው፡፡ ልጁ ግን ሲወርድ ወድቆ ሞተ፡፡ ኤልሳዕ ተስፋው ወዴት አለ? ብለው ሄዱ፡፡ ከዚያ በኋላ ታልሙድ በስማቸው ሳይሆን «ሌላው» እያለ ነው የሚጠራቸው፡፡ ሆኖም ደቀ መዝሙራቸው ረቢ ሜኢር አልተዋቸውም፡፡ በሰንበት ቀን ኤልሳዕ ሕጉን ጥሰው በፈረስ ሲሄዱ ረቢ ሜኢር በእግር እየተከተሉ ይማሩ ነበር ይባላል፡፡ የሰንበት መንገድ ወሰን ላይ ሲደርሱም የፈረሱን እርምጃ ቆጥረው ተማሪያቸው እንዲመለስ ያሳሰቡት እኒያው ከሃዲ የተባሉት ናቸው፡፡

ሁሉም ግን እንዲህ አልታለፈም፡፡ የአምስተርዳም አይሁድ ማኅበር ባሩክ ስፒኖዛን በ23 ዓመቱ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1656 በጽኑ ውግዘት ለይቶታል፡፡ ከዚያ በኋላ ሙሴ ሜንደልሶን በ1783 ባሳተሙት «ኢየሩሳሌም» በተሰኘው መጽሐፋቸው በሲና የተገለጠው የግድ ሊታመን የሚገባ ዶግማ ሳይሆን ሊፈጸም የሚገባ ሕግ ነው ሲሉ ተከራከሩ፡፡ ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዘመን 13 የእምነት አንቀጾችን ደንግገው ስለነበር ክርክሩ እልባት አላገኘም፡፡ እኔ እንደሚገባኝ ግን ከ«ምን ታምናለህ?» ይልቅ «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ቀዳሚ በሆነበት ሥፍራ ተጠራጣሪም መቀመጫ አያጣም፡፡

ከእልቂቱ በኋላ

6 ሚሊዮን አይሁዶች ያለቁበት የናዚ ጭፍጨፋ ይህን ሁሉ ሙግት ከሥሩ አናጋው፡፡ ሪቻርድ ሩበንስታይን በ1966 «ከኦሽዊትዝ በኋላ» በሚለው መጽሐፋቸው በታሪክ ውስጥ ጣልቃ እየገባ የሚቀጣና የሚያድን አምላክን ከእንግዲህ ማመን እንደማይቻል ጻፉ፡፡ ኤሊዔዘር ቤርኮቪትስ ደግሞ በ1973 መከራው ያልደረሰበት ሰው ራሱን እንደ ኢዮብ ሳይሆን እንደ ኢዮብ ወንድም ሊቆጥር ይገባል አሉ፡፡ በማጎሪያው ውስጥ እምነቱን ጠብቆ የሞተም ሆነ እምነቱን ያጣ፣ ሁለቱም ሊከበሩ ይገባል ነው ነገሩ፡፡

በ1986 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ኤሊ ቪዘል «የእግዚአብሔር የፍርድ ሂደት» የተሰኘውን ተውኔት በ1979 አሳትመዋል፡፡ መነሻው በልጅነታቸው በኦሽዊትዝ ያዩት ነው፡፡ ሦስት ሊቃውንት በሌሊት ፈጣሪን ከሰው ዳኙት፡፡ ቪዘል እንዳስረዱት የፍርዱ ቃል በቀጥታ «ጥፋተኛ» የሚል ሳይሆን «ባለዕዳ ነው» የሚል ነበር፡፡ ከዚያም ለጸሎት ቆሙ፡፡ ለሕግ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ ዕዳ የሚጠየቀው ግንኙነቱ ካልተቋረጠ ወገን ነው፡፡

የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው?

አሁን ወደ እኛው አገር ልጆች ልምጣ፡፡ ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን አጥብቀው እያከበሩ፣ ከአስተስርዮ በ50ኛው ቀን ለስግድ ተራራ እየወጡ ኖረዋል፡፡ ታልሙድ ግን አልደረሳቸውም፡፡ ስለዚህም እነሱ ፈጣሪያቸውን ሳይጠራጠሩ ወገኖቻቸው እነሱን ተጠራጠሩ፡፡ በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ዘር ናቸው ሲሉ በየኑ፡፡ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ ተጠቃሚ አደረጋቸው፡፡ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በሺሕ የሚቆጠሩት በ«ዘመቻ ሙሴ» ገቡ፤ በመንገድ ያለቁትም ብዙዎች ናቸው፡፡ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14 ሺሕ በላይ የሚሆኑት በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ፡፡

ከደረሱ በኋላ ግን የአገሪቱ ረቢዎች ለጋብቻ ሲመጡ ለጥንቃቄ ሲባል በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቋቸው፡፡ የረቢዎቹ መከራከሪያ መነሻ ቢስ አልነበረም፡፡ ጋብቻና ፍቺያቸው በታልሙድ ሕግ አልተመራም የሚል ነው፡፡ ቤተ እስራኤል ግን ሰንበትን ጠብቆ በረሃ አቋርጦ የመጣን ሰው እንደ አዲስ ገቢ መቁጠር ውርደት ነው ብለው በ1985 በኢየሩሳሌም በረቢናቱ ደጃፍ ለሳምንታት ተቃውሞ ተቀመጡ፡፡ ያገሩን ሰው ሲያጋቡ የኖሩ ቄሶችም በአዲሱ አገር ያ ሥልጣን አልነበራቸውም፡፡ ስግድ በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ሆነ፡፡ የረቢናቱ ምክር ቤት የረቢ ዮሴፍን ብያኔ በይፋ የተቀበለው በ2019 ነው፤ ከ46 ዓመት በኋላ ማለት ነው፡፡

በሕግ ትምህርት የማስረዳት ሸክም የሚባል ነገር አለ፡፡ በአብርሃምና በኢዮብ ሙግት፣ በኦሽዊትዝም ሌሊት ሸክሙ የተጣለው በኃያሉ ላይ ነው፡፡ በቤተ እስራኤል ጉዳይ ግን ሸክሙ የወደቀው በደካማው ላይ ነው፡፡ ልዩነቱ ይህ ነው፡፡ ሰው ከአምላኩ ጋር ሲታገል ቢያነክስም ተባርኮ ይወጣል፤ የባልንጀራውን እምነት ተጠራጥሮ ማስረጃ አምጣ ሲለው ግን የተገኘ በረከት አላየሁም፡፡ ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳት ድንጋጌ ከውጭ የመጣውን ሰው ልጅ እንኳ በአባቶቹ ሥራ እንዳይነካ የምትጠብቅ ከሆነ የአባቶቹን ሰንበት ይዞ የመጣውንማ እንዴት አትጠብቀው? ይህ ለአይሁድ ብቻ የቀረበ ጥያቄ አይመስለኝም፡፡ እኛም የጎረቤታችንን እምነት ለመመዘን ከመነሣታችን በፊት በሕግ አምላክ! ብለን ራሳችንን ብናቆም መልካም ነው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡