የጻፈውና ያጻፈው፦ በአሜሪካ አስፈሪ ልብ ወለድ መጽሔቶች ውስጥ የተሰወረው እጅ



ንግግሬን በአንድ የጠፋ ጽሑፍ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 1924 አሜሪካዊው ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት ሊያገባ ወደ ኒውዮርክ ሲነሣ፣ በታይፕ የተጻፈ አንድ ታሪክ በፕሮቪደንስ ባቡር ጣቢያ ጠፋበት። በከተማው ጋዜጣ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ አወጣ። ጽሑፉ አልተገኘም፤ የታሪኩ የመጀመሪያ ርእስ «ከፒራሚዶች በታች» እንደነበረ የምናውቀው ግን በዚያ ማስታወቂያ ነው። ሙሽራዪቱ ሶንያ ግሪን ከእጅ ጽሑፉ እያነበበችለት፣ እርሱም እየተየበ፣ ከጫጉላቸው ጊዜ ከፊሉን በዚሁ ሥራ አሳለፉ።

ታሪኩ በዚያው ዓመት በ«ዊርድ ቴልስ» መጽሔት ሲታተም ርእሱ ተለውጦ ነበር፤ በጸሐፊነት የሰፈረውም ከእስራት በማምለጥ ትርኢቱ የታወቀው የሃሪ ሁዲኒ ስም ነበር። ገና በሁለተኛ ዓመቱ የሚንገዳገደውን መጽሔት ዝነኛ ስም እንዲደግፈው የፈለገው ባለቤቱ ሄነበርገር፣ ለላቭክራፍት 100 ዶላር በቅድሚያ ከፍሎ ነበር። ታሪኩ በሁዲኒ አንደበት «እኔ» እያለ ስለሚተርክ፣ የሁለት ሰዎችን ስም ማስፈር አልተመቸም።

ይህ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ አልነበረም። የላቭክራፍት ዋነኛ መተዳደሪያ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ነበር። እርማት የሚለው ቃል ግን ብዙ ይሸፍናል፤ አንዳንዴ ሰዋስው ማቃናት፣ አንዳንዴ ረቂቅን እንደ አዲስ መጻፍ፣ አንዳንዴም ከአንዲት ፍሬ ሐሳብ ሙሉ ታሪክ መፍጠር ነው። ዚሊያ ቢሾፕ መንፈስ ስለሚታይበት አንድ የኦክላሆማ ጉብታ የሰጠችው መነሻ ከጥቂት ቃላት አይበልጥም ነበር፤ እርሱ ግን ረጅም ልቦለድ አደረገው። «ጉብታው» በመጽሔቱ የወጣው በ1940፣ ላቭክራፍት ከሞተ ከ3 ዓመት በኋላ፣ አጥሮና በእርሷ ስም ብቻ ነው።

በ1970 አርካም ሃውስ እነዚህን ታሪኮች በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳተመ። ዛሬ አንባቢ የሚፈልጋቸው በላቭክራፍት ስም ነው። እኔም ለዓመታት ሳስተምር የቢሾፕንና የሄዘል ሂልድን ስም ትቼ የእርሱን ብቻ እጠራ ነበር። አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት እንደተካሁ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ያለ ቢሾፕ መነሻና ትእዛዝ «ጉብታው» ባልተጻፈም ነበር። የሶንያን ድምፅ ደግሞ የትኛውም የርእስ ገጽ አልመዘገበውም።

አማርኛችን «የጻፈ» እና «ያጻፈ» ብሎ ይለያል። ለታሪክ አጥኚ ይህ ልዩነት መነሻ ሊሆነው ይገባል። ሥራችን ስምን ፍቆ በሌላ ስም መተካት አይደለም፤ ማን አሰበ፣ ማን ጻፈ፣ ማን ከፈለ፣ ማን አሳጠረ ብለን እያንዳንዱን ድርሻ ለባለቤቱ መመለስ ነው። በጥናታችሁ ውስጥ የአንድ ደራሲ ስም ስትጽፉ፣ ከስሙ ጀርባ ስንት እጅ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።