የደወሉ ዝምታ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በስምንት ዞኖች የተከፈለ ነበር ሲባል ሰምተናል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር ‹‹ዞን ዘጠኝ›› ያሰኘውም ይኸው አከፋፈል ነው። እስር ቤት ላለ ሰው የቤቱን ወሬ የሚያደርስለት ጠያቂ ነው። አንዱ ጠያቂ ሁሉን አንድ በአንድ ይናገራል፤ ሌላው ‹‹ሰፈር ትንሽ ለውጥ አለ›› ብሎ ያልፋል፤ ሦስተኛው ጭራሽ ይቀራል። ጠያቂ አልመጣም ማለት ግን ቤት ውስጥ ምንም አልሆነም ማለት አይደለም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ወሬ አድራሽ ነው፤ ፋይል ሲቀየር ለፕሮግራሞች ስለሚደወለው የኮምፒውተር ደወል።

ድሮ አንድ ፕሮግራም ፋይል መቀየሩን ለማወቅ በየጊዜው እየሄደ ማየት ነበረበት። አድካሚ ነው። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹ ‹‹አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ ሲቀየር እኔ እነግርሃለሁ›› ማለት ጀመሩ። ችግሩ እያንዳንዱ የየራሱን ደወል መስቀሉ ነው። (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊንዶውስ ኤንቲ በ1990ዎቹ፣ ፍሪቢኤስዲ በ2000 ‹‹ኬኪው›› በሚል ስም፣ አፕል በ2007 ‹‹ኤፍኤስኢቨንትስ›› በሚል ስም መጡ። ሊኑክስ በ2001 ያወጣውን ‹‹ዲኖቲፋይ›› በ2005 በተሻለው ‹‹ኢኖቲፋይ›› ተካው።

ጸባያቸውም ለየቅል ነው። ኢኖቲፋይ ዝርዝር ይናገራል፤ ነገር ግን ፎልደር ውስጥ ያለ ሌላ ፎልደርን ለብቻው ጠብቅ ካላሉት አይጠብቅም። ኬኪው እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ መያዝን ይፈልጋል። ኤፍኤስኢቨንትስ ፎልደሩን ከነልጅ ልጆቹ ይጠብቃል፤ ግን የተከታተሉ ለውጦችን ጠቅልሎ በአንድ ሊያደርስ ይችላል። ዊንዶውስና ሊኑክስ ወሬው ከበዛባቸው ከፊሉን ይጥላሉ። መጣላቸውን ይናገራሉ፣ ሰሚ ካገኙ።

እስቲ አሁን አንድ ቴስት እንጻፍ። ‹‹ፋይል ፍጠር፣ ጻፍበት፣ ሰርዘው፤ ሦስት ደወል ጠብቅ።›› ሊኑክስ ላይ ደወሎቹ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ማክ ላይ ግን ሦስቱ በአንድ ተጠቅልለው ይመጡና ቴስቱ ይወድቃል። ፕሮግራመሩም ‹‹ማክ ተበላሽቷል›› ይላል፤ አልያም ‹‹ሁለት ሴኮንድ ጠብቅ›› የሚል መስመር ጨምሮ ይተኛል። ሁለቱም መፍትሔ አይደሉም። ማክ ሦስት ደወል እሰጣለሁ ብሎ ቃል አልገባም። የሚሻለው የመጣውን ደወል ሁሉ እንዳለ መዝግቦ ማየት፣ የመጨረሻ ቀነ ገደብ አስቀምጦ መጠበቅ፣ ከዚያም የደወሉን ብዛት ትቶ የፎልደሩን የመጨረሻ መልክ ማመሳከር ነው። ደወል ተጥሎ ከሆነም ፎልደሩን እንደ ድሮው ሄዶ ማየት።

የእኛ ፊደልም የራሱ ፈተና አለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን በእሱ ሰበብ ዊንዶውስና ማክ ላይ የሚመጣው ጣጣ አይነካንም። ነገር ግን ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ወሰኑ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። 85 ፊደል ላይ ቦታው ያልቃል ማለት ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። በላቲን ስም ብቻ የተሞከረ ፕሮግራም ይህን አያውቅም።

ምን አገባን ትሉ ይሆናል። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. በዞን ዘጠኝ ጦማርያን ላይ በቀረበው የሽብር ክስ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰድ ሳይቀር ተጠቅሶ ነበር። ክሱ ሐምሌ 2007 ላይ ለከፊሎቹ ተቋረጠ፤ ጥቅምት 2008 ላይ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ኮምፒውተር ፍርድ ቤት በሚቀርብበት አገር ‹‹መዝገቡ ላይ ለውጥ አልታየም፣ ስለዚህ ፋይሉ አልተነካም›› የሚል ሰው ቢመጣ መልሱን ማወቅ ይገባናል። ያልተነካ መሆኑ የሚታወቀው ፋይሉን ቀድሞ ከተያዘ ቅጂ ጋር በማስተያየት እንጂ ደወሉ ዝም በማለቱ አይደለም።

ቸር ወሬ ያሰማን።