ለእጁ ስንት ይደርሰዋል?

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። ክረምት ነው፤ ሐምሌ ሊጋመስ ነው እንበል። ከፒያሳ በአቡነ ጴጥሮስ በኩል ወደ መርካቶ የሚወርደው ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ይጋፋል፤ ተሸካሚው ጣቃውን አዝሎ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል፣ የታክሲው ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጣራል፣ ከሥር ደግሞ ጎርፉ የላይኛውን ሰፈር ጭቃ ሁሉ ጠራርጎ ይወርዳል።

ድልድዩ ስሙን የወሰደው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ከአባ መላ ነው። እንደምታውቁት በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት ገቡ፣ እዚያም እየታዩ እየተመዘኑ አደጉ፣ በ1900 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1919 ዓ.ም እስኪያርፉም ድረስ ምክራቸው የሚፈለግ፣ ቃላቸው የሚፈራ ሰው ሆነው ኖሩ። ያንን ምርኮኛ ልጅ ደላላ አላመጣውም፤ አጠገቡ ውሎ አድሮ ያየው ሰው ነው የመረጠው። የዛሬ ነጋዴ ግን ሰውን አጠገቡ አሳድጎ የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ሰው የሚያይለት ሰው መቅጠር ግድ ሆኖበታል። ያንን ሰው ደግሞ ማን ያይለታል? የዛሬው ጨዋታችን እሱ ነው።

ከድልድዩ አለፍ ብሎ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አለን። ስሙን አትጠይቁኝ፣ አንድ ሰው አይደለምና፤ ከብዙ ነጋዴ ቆንጥሬ ያቆምኩት ነው፣ የሚያውቅ ጎረቤቱን ያይበታል። ይህ ነጋዴያችን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሁለተኛ ጨመረ፣ ከዚያ ከውጭ ማስመጣት ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ቃሊቲ መጋዘን ያዘ፣ ያን ጊዜም በድንገት ስቶር ኪፐር፣ ካሸር፣ ሁለት ሾፌርና የሌሊት ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው ሆነ።

መጀመሪያ እንደ ሁላችንም ወደ ዘመዱ ዞረ። የእህቱን ልጅ ገንዘብ ላይ፣ የአገሩን ልጅ መጋዘን ላይ አስቀመጠ። በዘመድ ቅጥር ላይ መጥፎ ነገር መናገር አልወድም፣ መርካቶ የቆመችው በእሱ ነው፤ ዋሱ በደም ነው፣ የጠፋ ዕቃ በሽማግሌ ይመለሳል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሥራ የማይችለውን የአጎት ልጅ ማን ያባርረዋል? ነጋዴያችን አንዱን ሊያሰናብት ሲል የቤተሰብ ሠርግ ደረሰ፣ ሠርጉ ሲያልፍ ለቅሶ መጣ፣ ከለቅሶው በኋላ ደግሞ ማባረሩ ነውር ሆነና ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ በወር ደመወዝ ሻይ ጠጣ።

ከዚያ ወደ ደላላ ሄደ። ጎጃም በረንዳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከአውቶቡስ ተራ የወረደ የገጠር ልጅ ገና ቦርሳውን ሳያወርድ ሥራ የሚነገረው እዚያ አካባቢ ነው። ደላላው ቀልጣፋ ነው፣ ጠዋት የነገርከውን ከሰዓት ያመጣልሃል። ከአሠሪው ይቀበላል፣ ከተቀጣሪውም ይቀበላል። ጥበቃው ሦስት ወር እንደሠራም ደላላው ይደውልለታል፤ «ሌላ ቤት አለ፣ መቶ ብር ይጨምራል፣ ና» ይለዋል፣ ልጁም ይሄዳል፣ ደላላውም እንደገና ከሁለቱም ይቀበላል፣ ነጋዴያችንም እንደገና ይፈልጋል። ሰው በተነቀለ ቁጥር የሚከፈለው ደላላ ሰው እንዲረጋ ለምን ይመኛል? ክፋት ነው አልልም፤ የእንጀራው አቀማመጥ እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በደርግ ጊዜ፣ በ1968 ዓ.ም በወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64፣ ቅጥር በመንግሥት ሥራ አገናኝ ቢሮ በኩል እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ሥራ ፈላጊ ይመዘገባል፣ ተራ ይጠብቃል። ከለውጡ በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም፣ አዋጅ ቁጥር 104 ወጣና የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በፈቃድ የሚሠራ ሕጋዊ ንግድ ሆነ። በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በእነሱ አቆጣጠር በ1997 ስለ ግል ኤጀንሲዎች ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 181፣ አገራችን በመጋቢት 1991 ዓ.ም፣ ከማንም ቀድመው ከተቀበሉት ጋር ሆና ተቀበለች። የስምምነቱ ልብ አጭር ናት፤ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ አይቀበልም፣ የሚከፍለው አሠሪው ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። በወረቀት ከሆነ የጎጃም በረንዳ ጣጣ ያን ጊዜ አልቋል።

ወደ ዐረብ አገር የሚልኩት ኤጀንሲዎች ታሪክ ራሱን የቻለ ሌሊት ይፈልጋልና ዛሬ አልገባበትም። አንዲት ነገር ብቻ ልዋስ። በ2006 ዓ.ም መንግሥት ጉዞውን አገደ፣ በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ፣ ቦሌን የሞላውን ያንን ሕዝብ ያየ አይረሳውም። ከዚያ በ2008 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 923 ሲወጣ፣ ሠራተኛ ወደ ውጭ ልላክ የሚል ኤጀንሲ 100,000 ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዋስትና እንዲያስይዝ ተጠየቀ። አያችሁ? መንግሥትም ዞሮ ዞሮ የመርካቶን ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ አንተ ሰው አመጣለሁ ባይ፣ ተያዥህ ማነው?

ነጋዴያችን ይህን ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ኤጀንሲዎች የዞረው። ሦስት መጡ። የእህቱ ልጅ፣ ያው ካሸሩ፣ አሁን አካውንቲንግ ተምሮ ሂሳቡን ይይዛል፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሠንጠረዥ ሠራ፤ ፈቃዱ ከሥራና ክህሎት ቢሮ ታድሷል ወይ፣ ስንት ዓመት ሠርቷል፣ ግብር ከፋይ ነው ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ጨረታ ያወጣሉ፣ ቴክኒካሉ በአንድ ፖስታ፣ ፋይናንሻሉ በሌላ ፖስታ ይገባል፣ ኮሚቴ ተቀምጦ ነጥብ ይሰጣል። ጥሩ አሠራር ነው። ግን ቴክኒካሉን ሁሉም ካለፉት በኋላ የሚቀረው ዋጋ ነው፣ ዝቅተኛው ያሸንፋል፣ ያ ዝቅ ያለው ዋጋ ደግሞ ከየት እንደተቀነሰ ኮሚቴው አይጠይቅም።

ኤጀንሲም ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አንዱ ሰውን ከአሠሪ ጋር አገናኝቶ፣ ክፍያውን ተቀብሎ ዘወር ይላል። ሌላው ሠራተኛውን በራሱ ስም ቀጥሮ ያቀርባል፣ አውትሶርስ የሚሉት ነው፤ በየባንኩና በየፎቁ በር የምታዩት ጥበቃና የፅዳት ሠራተኛ አብዛኛው በዚህ መንገድ የመጣ ነው። አሠሪው በአንድ ሰው ሂሳብ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው ድርሻውን አንስቶ ለሰውየው ይከፍላል። ስንት አንስቶ? የጉዳዩ አንጀት እዚህ ነው።

በሠንጠረዡ አንደኛ የወጣው ኤጀንሲ ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። የእህቱ ልጅ ደስ አለው። ነጋዴያችን ግን ወጣቱን ሥራ አስኪያጅ ሻይ አዘዘለትና፣ «ልጄ፣ ከምከፍልህ ላይ ለጥበቃው ለእጁ ስንት ይደርሰዋል?» አለው። ልጁ ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ እሱ የውስጥ አሠራራችን ነው፤ እርስዎ አገልግሎቱን ነው የሚገዙት» አለ። ነጋዴያችን አልተከራከረም። «ሰዎቻችሁ የሚሠሩበትን አንድ ቦታ ንገረኝ» ብቻ አለ፣ ልጁም በኩራት ቃሊቲ ያለ አንድ ፋብሪካ ነገረው።

በማግስቱ ከእህቱ ልጅ ጋር በፒክአፑ ተነሡ። በተክለ ሃይማኖት ወርደው፣ ሜክሲኮን ዞረው፣ በጎተራ አልፈው ሳሪስ ሲደርሱ ሰማዩ ተቀደደ፤ መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ ቆመ፣ የዝናብ መጥረጊያውም አልቻለውም፣ ሽማግሌው ግን መቁጠሪያውን እያሻሸ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጥርጊያው ሲከፈት ቀስ ብለው ቃሊቲ ደረሱ። በፋብሪካው በር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ጥበቃ ካፖርቱን ተከናንቦ ቆሟል። ነጋዴያችን ከማዶ ካለችው ሻይ ቤት ሁለት ሻይ በብርጭቆ አስይዞ መጣ፣ አንዱን ሰጠው፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ አገሩ አወሩ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ደመወዙ ገባ።

ጥበቃው ነገረው። ነጋዴያችን ለኤጀንሲው ሊከፍል ከተጠየቀው ግማሹን እንኳ አይሞላም። «ለመግባትስ የሰጠኸው ነገር አለ?» ሲለው ሰውየው ወደ በሩ ዘወር ብሎ አየና፣ «አባቴ፣ የመጀመሪያውን ወር ግማሹን ለአስገባኝ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ሁሉም ይሰጣል» አለ። «ሌላ ቦታ ብታገኝስ?» «ዛሬ እሄዳለሁ።» ብርጭቆውን መለሰና አመሰገነ።

የእህቱ ልጅ ሲመለሱ ሳሪስ እስኪደርሱ ድረስ አልተናገረም። ከዚያ ግን፣ «ይኼን በሠንጠረዡ የት ላስገባው?» አለ። አጎቱም «ከዋጋው አጠገብ» አለው።

ሁለተኛውን ኤጀንሲ ቶሎ ልለፈው፤ የፈቃዱ ወረቀት አልታደሰም ነበር፣ «ሂደት ላይ ነው» ይላሉ፣ ስንቱ ነገራችን ሂደት ላይ እንዳለ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሦስተኛዋ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ፎቅ ላይ ትንሽ ቢሮ ያላት ሴት ናት፤ አገናኝታ የምትለቅ፣ አውትሶርስ የማትሠራ። ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል። ነጋዴያችን ደረጃውን እያለከለከ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ሊጠይቃት ሲል ቀድማ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ ያለፈው ስቶር ኪፐር ለምን ሄደ? ከእሱ በፊት የነበረውስ? ምሳ የት ይበላሉ? ሾፌሮቹ እሑድ ይሠራሉ? ደመወዝ በስንት ቀን ይወጣል?»

ሽማግሌው ተቆጣ። «መራጩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እኔም የማመጣለትን ቤት ካልመረጥኩ ሰዎቼ በወሩ ይመለሱብኛል» አለችው።

እውነቷን ነው፣ እኔ የምፈርደውም ለእሷ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም ሲመረቅ ለሠራተኛ ምልመላው የተደከመውን ድካም አስታውሱ፤ ልጃገረዶቹ በየቀበሌው ተመዘገቡ፣ የጣታቸው ቅልጥፍና ተፈተነ፣ በደረጃ ተለይተው ለየፋብሪካው ተደለደሉ። በአገራችን እንዲህ ያለ የተደራጀ ምልመላ ብዙ አልታየም። የመነሻ ደመወዙ ግን በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፣ የቤት ኪራዩም አናት ላይ ቆመ፣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም ባወጡት ጽሑፍም ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሁሉ ይተኩ እንደነበር ተነገረ። መልማዩ ምን በደለ? ሰው አመጣ፤ የሚያቆየው ጠፋ እንጂ።

ነጋዴያችን ቁጣው ሲበርድ ተያዥነቱን ጠየቃት። እሷም ውሉን አወጣች። ከሠራተኛው ሳንቲም ብትቀበል ውሉ ይፈርሳል፣ የተቀበለችውንም ትመልሳለች። የሙከራው 60 የሥራ ቀን ሳያልቅ ሰው ቢሄድ ወይም ባይሆን ያለ ክፍያ ትተካለች፤ ከክፍያዋም ግማሹ ሙከራው እስኪያልቅ በነጋዴው እጅ ይቆያል። ባለፈው ዓመት ያስቀጠረቻቸውን ሰዎች ከነአሠሪዎቻቸው ለማነጋገር ፈቃዳቸውን ጠይቃ ታገናኘዋለች። እሱ ሊፈርም ብዕሩን ሲያነሳ አንዲት አንቀጽ ከታች አሳየችው፤ አሠሪው የተነገረውን ደመወዝ ቢያጓድል ወይም የትርፍ ሰዓት ባይከፍል መተካት የለባትም። ሁለት ሻይ ተጠጣበት። ፈረመ።

ስቶር ኪፐሩ መጣ፣ ተስማማው። ጥበቃውም መጣ። ከሁለቱ ሾፌሮች አንዱ ግን በአምስተኛው ሳምንት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ ሦስት እሑድ ተከታትሎ ሠርቶ አልተከፈለውም ነበር። ነጋዴያችን ወደ ፎቋ ሴት ደወለ፣ «ተኪልኝ» አለ። እሷም የአንቀጹን ቁጥር ነገረችው። ስልኩን ዘጋው፣ ለእህቱ ልጅ ጮኸበት፣ ለቡናው ጮኸበት፣ ከዚያ ሂሳቡን አስወጥቶ አየና ራሱ ለሾፌሩ ደወለ። አላነሳም። በማግስቱ ግን ሾፌሩ መልሶ ደወለና፣ «ጋሼ፣ የእሑዱ ክፍያ ካለፈው ጀምሮ ነው ወይስ ከአሁን በኋላ?» ብሎ ጠየቀው።